የኦዴሳው ደረጃ፤ የሰርጌይ አይዘንስታይን ሕይወትና የማሳመን ጥበብ

ጥቁር ባሕርን ተንተርሳ በተቆረቆረችው በኦዴሳ ከተማ፣ ከወደቡ ተነሥቶ ወደ ከተማይቱ አናት የሚያወጣ 192 እርከኖች ያሉት ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለ። ከሩቅ አገር መጥቶ ይህን ደረጃ የሚጎበኝ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በዐይነ ኅሊናው የሚያየው አንድ ትዕይንት ነው። ይኸውም በ1905 የዛሩ ወታደሮች ነጭ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን ደግነው፣ እርከን በእርከን እየወረዱ እናቶችንና ሕፃናትን ሲፈጁ ነው። በዚያ ዓመት በኦዴሳ ብዙ ሕዝብ መገደሉ የታሪክ እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ደረጃ ላይ፣ በዚያ ሥርዓትና በዚያ አኳኋን የተፈጸመ ፍጅት የለም። ዓለም የሚያስታውሰው ፍጅት የተፈጸመው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በካሜራ ፊት ነው።

የዚያ ትዕይንት ፈጣሪ ሰርጌይ ሚኻይሎቪች አይዘንስታይን ይባላል። ያልነበረን ነገር እንደነበረ አድርጎ በሚሊዮኖች ትዝታ ውስጥ መቅረጽ የቻለ ሰው ምን ዓይነት ዕውቀት ቢኖረው ነው? ይህስ ዕውቀት ለባለቤቱ ምን አተረፈለት? በቃል፣ በምስልና በድምፅ ሕዝብን ማስተማርና ማሳመን ሙያቸው ለሆነ ሁሉ የዚህ ሰው ሕይወት ትምህርት አዘል ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ለመተረክ እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

አይዘንስታይን ጃንዋሪ 22 ቀን 1898 በሪጋ ከተማ ተወለደ። ሪጋ ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ ስትሆን በዚያን ዘመን በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበረች። አባቱ ሚኻይል መሐንዲስና የሕንፃ ነዳፊ ነበር። በሪጋ አልበርት ጎዳና ግራና ቀኝ የሠራቸው፣ ፊታቸው በሰው ጭንብልና በሐውልት የተንቆጠቆጠ ሕንፃዎች እስከ ዛሬ ድረስ የጎብኚ መስሕብ ናቸው። እናቱ ዩሊያ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ነበረች። ወላጆቹ በትዳራቸው ስላልተስማሙ ተለያዩና እናቱ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ስትሄድ ልጁ ከአባቱ ዘንድ ቀረ። ብቸኛው ሕፃን ጊዜውን የሚያሳልፈው በመጽሐፍና በሥዕል ነበር። በ8 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ፓሪስን ሲጎበኝ የጆርጅ ሜልዬስን ፊልም አየ፤ የመጀመሪያ የሲኒማ ትውውቁም ይኸው ሆነ።

የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በ1915 በፔትሮግራድ የሲቪል ምሕንድስና ተቋም ገባ። የምሕንድስና ትምህርቱን ባይጨርሰውም ከአእምሮው አልወጣም። በኋላ ስለ ፊልም ሲያስብ የሚያስበው እንደ መሐንዲስ ነበር። የአንድ ድልድይ ብረት ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም አስቀድሞ እንደሚሰላ ሁሉ፣ አንድ ምስል በተመልካች ልብ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚያሳርፍ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል ብሎ ያምን ነበር።

በ1917 አብዮቱ ፈነዳ። በተከታዩ ዓመት ወጣቱ ተማሪ ወደ ቀይ ጦር ሲገባ አባቱ ከተቃራኒው ከነጮቹ ወገን ተሰለፈ። አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ አልተገናኙም፤ አባትየውም በ1920 በስደት በጀርመን አገር ሞተ። ልጁ በጦሩ ውስጥ በመጀመሪያ ምሽግ በመሥራት፣ ቀጥሎም ለወታደሮች የሚቀርቡ ተውኔቶችን መድረክ በመንደፍና የቅስቀሳ ባቡሮችን በሥዕል በማስጌጥ አገለገለ። ማንበብ የማይችለውን ገበሬ በሥዕል ማነጋገር እንደሚቻል ያየው በእነዚህ ባቡሮች ላይ ነው።

ከቲያትር ወደ ፊልም

በ1920 ወደ ሞስኮ የመጣው የጃፓንን ቋንቋ ለማጥናት ነበር። ጥናቱን ብዙም ሳይገፋበት ወደ ፕሮሌትኩልት ቲያትር ገባ፤ ሆኖም ከጃፓን ጽሕፈት ያገኘው አንድ ነገር ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ። በዚያ ጽሕፈት የዐይን ምልክትና የውኃ ምልክት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማልቀስ ማለት ይሆናሉ። ዐይን ብቻውን ልቅሶ አይደለም፤ ውኃም ብቻውን ልቅሶ አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ትርጉም ይወለዳል። በሰምና ወርቅ ላደገ የአገራችን አንባቢ ይህ ሐሳብ ሩቅ አይሆንበትም። ልዩነቱ በቅኔ አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም፣ በአይዘንስታይን ዘንድ ሁለት ምስሎች ተጋጭተው አንድ አዲስ ትርጉም መውለዳቸው ነው።

ከ1921 ጀምሮ የታላቁ የቲያትር ሰው የቭሴቮሎድ ሜየርኾልድ ተማሪ ሆነ። በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ መስሕቦች ቅንብር ያለውን ሐሳብ ገለጸ። በዚህ ጽሑፍ መሠረት ተውኔት ማለት ተመልካቹን በየተራ እየመታ ወደ ተፈለገው ስሜትና ሐሳብ የሚወስድ የድንጋጤ፣ የሣቅ፣ የፍርሃትና የርኅራኄ ሰንሰለት ነው። በዚያው ዓመት በአንድ ተውኔት መካከል የሰርከስ ጨዋታና አጭር ፊልም አስገብቶ ሐሳቡን ፈተነው።

በ1924 ግን ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ስለ ጋዝ ሠራተኞች የሚናገረውን ተውኔት በእውነተኛ የጋዝ ፋብሪካ ውስጥ አሳየ። ከተዋንያኑ ንግግር ይልቅ የፋብሪካው ግዙፍ መሣሪያና የጋዙ ሽታ በረታ፤ ተውኔቱም ከሸፈ። እውነተኛው ነገር በአጠገቡ ሲቆም የመድረክ ማስመሰል ዋጋ እንደሚያጣ ተገነዘበ። ከእንግዲህ የሚያዋጣው እውነተኛውን ነገር እየቀረጹ፣ የተቀረጸውን እየቆረጡና እየቀጠሉ እንደ ፈለጉት መገንባት መሆኑን ተረዳ። የዚህ ግንባታ ስም ሞንታዥ ነው።

በዚያን ጊዜ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የፊልም መምህር አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። የአንድን ተዋናይ ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከምግብ፣ አንድ ጊዜ ከሬሣ ሣጥን ጋር እያጣመረ ቢያሳይ፣ ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ አንድ ጊዜ ረኀብን፣ አንድ ጊዜ ኀዘንን አነበበ። ፊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። አይዘንስታይን በኩሌሾቭ ዘንድ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ሐሳቡን ወደ ራሱ መንገድ ወሰደው። የሙያ ጓደኛው ፑዶቭኪን ምስሎችን እንደ ጡብ ተራ በተራ መደርደርን ሲመርጥ፣ እሱ ማጋጨትን መረጠ።

የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙ ‹‹ሥራ ማቆም አድማ›› በ1925 ለሕዝብ ቀረበ። በፊልሙ መጨረሻ ወታደሮች በላብ አደሮች ላይ ሲተኩሱ በመካከሉ በሬ በቄራ ሲታረድ ይታያል። በከተማ ተመልካች ላይ ምስሉ ከባድ ድንጋጤ አሳደረ። በገጠር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በእጁ ከብት ማረድ ለለመደው ገበሬ የበሬ እርድ ሥጋና ምግብ እንጂ ፍጅት ስላልሆነ፣ ምስሉ የታሰበለትን ስሜት አላሳደረበትም። አዘጋጁ ይህን ጉድለት አልሸሸገውም፤ በጽሑፉ ገልጾታል። አንድ ምስል በሁሉ ዘንድ አንድ ትርጉም እንደሌለው፣ የተመልካቹን ኑሮ የማያውቅ አሳማኝም ኢላማውን እንደሚስት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

‹‹የጦር መርከብ ፖቲምኪን››

የ1905ን አብዮት 20ኛ ዓመት ለማክበር መንግሥት አንድ ፊልም እንዲሠራ አዘዘው። በድርሰቱ ውስጥ ብዙ ክንውኖች ነበሩበት። አዘጋጁ ግን ኦዴሳ ሲደርስና ደረጃውን ሲያይ ከሁሉ አንዱን ብቻ መረጠ፤ ትል የወረረው ሥጋ እንዲበሉ የታዘዙት የፖቲምኪን መርከብ ባሕርተኞች ያነሡትን አመፅ። በካሜራ ባለሙያው በኤድዋርድ ቲሴና በረዳቱ በግሪጎሪ አሌክሳንድሮቭ አጋዥነት ሥራው በጥቂት ወራት ተጠናቆ ዲሴምበር 21 ቀን 1925 በሞስኮ በቦልሾይ ቲያትር ታየ።

የደረጃው ትዕይንት የሚሠራበት ዘዴ በጥንቃቄ ሊጤን ይገባዋል። ወታደሮቹ ፊት የላቸውም። የሚታየው ጫማቸው፣ የጠመንጃቸው አፈሙዝና ጥላቸው ነው፤ እንደ መኪና ጥርስ እኩል ይወርዳሉ። የሚሞተው ሕዝብ ግን ፊት አለው። መነጽሯ የተሰበረባት አሮጊት፣ የቆሰለ ልጅዋን ታቅፋ ሁሉ ወደሚሸሽበት ሳይሆን ወደ ወታደሮቹ ሽቅብ የምትወጣ እናት፣ ባለቤቱ ወድቃ ብቻውን ቁልቁል የሚንከባለል የሕፃን ጋሪ አሉ። አንድ ሰው ደረጃውን ሮጦ ለመውረድ ከሚፈጅበት ጊዜ ይልቅ በፊልሙ ላይ የሚፈጀው እጅግ ይረዝማል። ተመልካቹ ግን አይታወቀውም፤ ፍርሃት ጊዜን እንደሚያስረዝም ከራሱ ኑሮ ያውቃልና። ወዲያው መርከቡ መድፉን ሲተኩስ ሦስት የድንጋይ አንበሶች ይከተላሉ፤ አንዱ የተኛ፣ አንዱ የነቃ፣ አንዱ የተነሣ። ሦስቱ በክሪሚያ በአሉፕካ ቤተ መንግሥት የሚገኙ የተለያዩ ሐውልቶች ናቸው። በፍጥነት ሲከታተሉ ግን ድንጋይ እንኳ ለቁጣ የተነሣ ይመስላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የሚሰማ ቃል የለም። ተመልካቹ ወታደሮቹ ጨካኞች ናቸው ተብሎ አልተነገረውም። ራሱ እንዲደርስበት ተደረገ እንጂ። ሰው ከሌላ የሰማውን ሐሳብ ሊጠራጠር ይችላል፤ ራሱ የደረሰበትን ግን እንደ ንብረቱ ይጠብቀዋል። የአይዘንስታይን የማሳመን ጥበብ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ኃይሉን መንግሥታት ወዲያው ተረዱት። በጀርመን በ1926 ሳንሱር ቆራርጦ ካሳለፈው በኋላ በኤድመንድ ማይዝል ሙዚቃ ታጅቦ ሲታይ ተደናቂ ሆነ፤ የጦሩ ወታደሮች እንዳያዩት ግን ተከለከሉ። በብሪታንያ ለሕዝብ እንዳይታይ የተጣለው እገዳ እስከ 1954 ቆየ። በ1933 የናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ፊልሙን ለጀርመን ባለሙያዎች በአርአያነት ጠቀሰው። አይዘንስታይን በተከታዩ ዓመት በግልጽ ደብዳቤ ውዳሴውን አልቀበልም ብሎ ብርቱ መልስ ሰጠ። ሆኖም ነገሩ የሚያሳስብ ነው። መሣሪያው አንድ ከሆነ፣ ይዞት የሚነሣው እጅ ግን ሌላ ሊሆን ከቻለ፣ መሣሪያውን የሠራው ሰው ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ ነው?

ልብ ወለዱ ከእውነቱ ጋር የተቀላቀለበት ሁኔታም የሚያስገርም ነው። በፊልሙ ላይ ሊረሸኑ የተፈረደባቸው ባሕርተኞች ሸራ ይጣልባቸዋል። ይህ የአዘጋጁ ፈጠራ ነው። አይዘንስታይን ራሱ በጽሑፉ እንደሚተርከው፣ ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው በዚያ ሸራ ሥር ከነበሩት አንዱ እኔ ነኝ በማለት ከፊልሙ ገቢ ድርሻ ጠየቀ። ምስሉ ከተመልካቹ ዐልፎ የታሪኩን ባለቤት ትዝታ እስከ መተካት ደረሰ ማለት ነው።

‹‹ኦክቶበር›› እና የሐሳብ ሞንታዥ

በ1927 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ‹‹ኦክቶበር›› የተባለውን ፊልም እንዲሠራ ታዘዘ። የክረምቱን ቤተ መንግሥት መያዝ በሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ አሠራው። በ1917 በእውነት የሆነው ከዚህ እጅግ ያነሰ ሁካታ የነበረበት ቢሆንም፣ በኋለኞቹ ዓመታት ከዚህ ፊልም የተወሰዱ ምስሎች በብዙ የታሪክ ዘጋቢ ፊልሞች ውስጥ እንደ ታሪክ ሰነድ ታይተዋል። ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ትሮትስኪ ከሥልጣን ስለ ወደቀ እሱ ያለባቸው ቀረጻዎች ተቆርጠው ወጡ። ምስልን በመቁረጥና በመቀጠል ትርጉም መፍጠር የሚችል መቀስ፣ ሰውን ከታሪክ መቁረጥም እንደሚችል በዚያን ጊዜ ታየ።

በዚህ ፊልም አይዘንስታይን ከስሜት ዐልፎ ንጹሕ ሐሳብን በምስል ለመናገር ሞከረ። የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ኬረንስኪ በቤተ መንግሥቱ ሲንጎራደድ ላባውን የሚዘረጋ የመካኒክ ጣዎስ ጎን ለጎን ይታያል፤ ትዕቢቱን የሚናገርበት ሌላ ቃል አላስፈለገም። ይሁን እንጂ ፊልሙ በ1928 ለሕዝብ ሲቀርብ ብዙ ተመልካች አልገባውም። አዘጋጁ ለሕዝብ የሚናገር መስሎት ከራሱ ጋር ሲነጋገር ተገኘ።

የምስል ማጋጨት በአገራችንም እንግዳ አይደለም። የጆናታን ዲምብልቢ ካሜራ በወሎ ረኀብ ያነሣው ፊልም፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ከቤተ መንግሥት የግብዣና የድግስ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ ተቀናብሮ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። በሁለቱ መካከል የተወለደው ሦስተኛው ትርጉም ግን የቀናባሪው ሥራ ነው። ያን ምሽት በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው አንድም የክስ ቃል ሳይሰማ ፍርዱን ራሱ ሰጠ።

ድምፅ፣ ንግግርና ጉዞ

በ1928 ድምፅ ያለው ፊልም ከአሜሪካ እንደሚመጣ በታወቀ ጊዜ፣ አይዘንስታይን ከፑዶቭኪንና ከአሌክሳንድሮቭ ጋር ሆኖ አንድ መግለጫ አወጣ። ስጋታቸው ድምፅን መጥላት አልነበረም። ተዋንያን በካሜራ ፊት ቆመው የሚነጋገሩበት ፊልም ሲኒማን ወደ ተቀረጸ ቲያትር እንደሚመልሰው አስጠነቀቁ፤ ድምፅ ከምስል ጋር አንድ ነገር ከሚደግም ይልቅ ከምስል ጋር እንዲፎካከር መከሩ። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ የምታለቅስ ሴት እያሳዩ የለቅሶዋን ድምፅ ማሰማት አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነው። በዚያች ሴት ምስል ላይ ከጎረቤት ዳስ የሚመጣ የሠርግ ዘፈን ቢሰማ ግን ተመልካቹ ራሱ ማሰብ ይጀምራል።

በ1929 ከቲሴና ከአሌክሳንድሮቭ ጋር ወደ አውሮፓ ተላከ። በፌብሯሪ 1930 በፓሪስ በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ስለ ገጠር ኅብረት ሥራ የሠራውን ፊልም ሊያሳይ ሲዘጋጅ ፖሊስ ፊልሙን ከለከለ። አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። አይዘንስታይን ወደ መድረኩ ወጥቶ በፈረንሳይኛ ስለ ፊልም ሥራ ንግግር አደረገ፤ የአድማጮቹን ጥያቄ በቀልድና በፈጣን መልስ አስተናገደ። ንግግሩ የታገደው ፊልም ሊያደርግ የሚችለውን ያህል ወዳጅ አፈራለት። ምስልን የሚያመልክ ሰው በአንደበቱ ማሳመን ሲያስፈልገው ያንንም አላጣውም።

ከዚያ ወደ ሆሊውድ ሄደ። ከፓራማውንት ኩባንያ ጋር የነበረው ውል ግን ካቀረባቸው ድርሰቶች አንዱም ሳይሠራ በዚያው በ1930 ፈረሰ። ደራሲው አፕተን ሲንክሌርና ባለቤቱ ገንዘብ ሰጥተውት በሜክሲኮ ከአንድ ዓመት በላይ እየተዘዋወረ እጅግ ብዙ ፊልም አነሣ። ወጪው በዛ፤ ከገንዘብ ሰጪዎቹ ጋር ተጣላ። ስታሊንም የአገር ከሃዲ እንደሆነ መጠርጠሩን ለሲንክሌር በቴሌግራም ገለጸ። በ1932 ወደ ሞስኮ ሲመለስ ያነሣው ፊልም አልተላከለትም፤ ሌሎች ቆራርጠው ሌላ ፊልም ሠሩበት። ለአይዘንስታይን የከበደው ይህ ነበር፤ በእሱ እምነት ያልተቀናበረ ምስል ጥሬ ዕቃ እንጂ ፊልም አይደለምና፣ ሥራው በሌላ ሰው እጅ ሌላ ትርጉም ያዘ።

የፈተና ዓመታት

የተመለሰባት ሞስኮ የተወዉ ሞስኮ አልነበረችም። የሙከራ ጥበብ ለሕዝብ የማይገባ የቅርጽ አምልኮ ተብሎ ይወገዝ ነበር። በሲኒማ ተቋም ማስተማርና መጻፍ ጀመረ። በ1935 ‹‹የቤዢን መስክ›› የተባለውን ፊልም ያዘ። ድርሰቱ አባቱን ለመንግሥት ባጋለጠና በዚሁ ሰበብ በተገደለ አንድ ታዳጊ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከአባቱ በተቃራኒ ጦር የተሰለፈ ሰው ይህን ታሪክ ሲሠራ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። በ1937 የሲኒማው ባለሥልጣናት ሥራውን አስቆሙት። አይዘንስታይን ስሕተቱን አምኖ በአደባባይ ራሱን እንዲነቅፍ ተገደደ። ብዙዎችን ያሳመነ ሰው ራሱ ያላመነበትን ተናገረ። ፊልሙ ጠፍቶ ከየቁራጩ የተረፉት ነጠላ ምስሎች ብቻ ተሰብስበው በ1960ዎቹ አንድ አጭር ቅጂ ተዘጋጀላቸው።

በድርሰቱ ያገዘው ደራሲ ይስሐቅ ባቤል በ1940 ተረሸነ። መምህሩ ሜየርኾልድም በ1939 ታስሮ በ1940 ተገደለ። የሜየርኾልድ ቤተሰብ የመምህሩን ወረቀቶች የሚያስቀምጥላቸው ሰው ሲፈልጉ አይዘንስታይን ተቀበላቸውና በገጠር ቤቱ ደበቃቸው። በዚያን ዘመን ይህን ማድረግ የሚያስከትለውን ያውቅ ነበር። በአደባባይ የተናገረውንና በስውር ያደረገውን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው፣ የሰውየው ማንነት ከሁለቱ ግጭት ውስጥ ይታየናል።

በ1938 ‹‹አሌክሳንደር ኔቭስኪ›› የተባለው ፊልሙ ወጣ። በ1242 ሩሲያን የወረሩት የጀርመን ፈረሰኞች በበረዶ ሐይቅ ላይ ድል የሚሆኑበት ነው። ጦርነቱ የተነሣው በበጋ ሙቀት፣ በሰው ሠራሽ በረዶ ላይ ነው። አቀናባሪው ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ አንድ ጊዜ ምስሉን አይቶ ሙዚቃውን ይጽፋል፤ ሌላ ጊዜ ሙዚቃው ቀድሞ ምስሉ ይቆረጥለታል። አይዘንስታይን ድምፅ ባለበት ፊልም ያቀረበው የመጀመሪያ የተጠናቀቀ ሥራው ይህ ነበር። መንግሥትም በኒሻን ሸለመው። በኦገስት 1939 ሶቪየት ኅብረትና ጀርመን ስምምነት ሲፈራረሙ ግን ፊልሙ ከየሲኒማ ቤቱ ተነሣ። በጁን 1941 ጀርመን ስትወርር እንደገና ወጣ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፊልሙ ላይ አንድም ምስል አልተለወጠም፤ የሚያሳምነው ነገር ጊዜው ሲፈልገው እውነት፣ ሳይፈልገው ስሕተት ሆነ።

የመጨረሻው ሥራ

በጦርነቱ ዘመን በካዛኽስታን በአልማ አታ ሆኖ ‹‹አስፈሪው ኢቫን›› የተባለውን ፊልም ሠራ። ስታሊን ዛር ኢቫንን እንደ አገር ሰብሳቢ ያደንቀው ነበር። በ1945 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል የስታሊንን ሽልማት አገኘ። በፌብሯሪ 1946 የሁለተኛውን ክፍል ቅንብር ጨርሶ የሽልማቱን በዓል ሲያከብር ልቡ ታመመና ሆስፒታል ገባ።

ሁለተኛው ክፍል የተለየ ነበር። በዚህ ክፍል ዛሩ በጥርጣሬ የሚሰቃይ፣ ወዳጅ ያጣ፣ በጥቁር ለባሽ ዘቦቹ ተከቦ ከደም ወደ ደም የሚሄድ ሰው ነው። የግድግዳው ጥላ ከሰውየው ይገዝፋል። በ1946 ፊልሙ ታገደ። በፌብሯሪ 1947 አይዘንስታይንና ዋናው ተዋናይ ቼርካሶቭ ወደ ክሬምሊን ተጠርተው ስታሊን፣ ሞሎቶቭና ዝዳኖቭ ባሉበት ተወቀሱ። የዛሩ ጢም ከመጠን በላይ መርዘሙ ሳይቀር ተነሣ፤ ኢቫን ወላዋይ ሆኖ መታየቱና ጭካኔው ለምን እንዳስፈለገ አለመገለጹ ተነቀፈ። ፊልሙን እንዲያርም ተፈቀደለት። በፊቱ የተቀመጠው ሰው የፊልሙን ትርጉም በሚገባ ተረድቶት እንደነበር ከተነሡት ነቀፌታዎች ይታያል። ምስሉ የመጨረሻ ተመልካቹን አግኝቷል ማለት ነው።

አይዘንስታይን አላረመውም። በፌብሯሪ 1948 ከ10ኛው ቀን ወደ 11ኛው በሚያሸጋግረው ሌሊት በልብ ድካም ሞተ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። ሁለተኛው ክፍል ስታሊን ከሞተ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ለሕዝብ ታየ። በዚያው ዓመት በብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ተሰብስበው የነበሩ የፊልም ባለሙያዎች ‹‹የጦር መርከብ ፖቲምኪን››ን ከፊልሞች ሁሉ የላቀ ብለው መረጡት።

መደምደሚያ

አይዘንስታይን ውሸታም ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በኦዴሳ ሰው መሞቱ እውነት ነው፤ በወታደር ጥይት የወደቀችውን እናት ፊት ባይፈጥርልን ኖሮ ያ እውነት በአኃዝ መልክ ተቀብሮ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ አዘጋጁ እውነተኛው ኀዘን እንዲታይ ሲል የፈጠረው ምስል በእውነተኛው ቦታ ላይ ተቀምጦ እውነተኛውን ሸፈነው። ዛሬ ስለ ወደቡ ሟቾች የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ስለ ሕፃኑ ጋሪ የማያውቅ ግን የለም።

ከሕይወቱ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ሰው የሚያምነው የተነገረውን ሳይሆን ራሱ የደረሰበትን መሆኑ ነው። ስለዚህ መልካም ጋዜጠኛ፣ መልካም ተናጋሪና መልካም የፊልም ሰው ተመልካቹን ያከብራል፤ መደምደሚያውን ከመስጠት ይልቅ ሁለት እውነቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጥለታል። ሁለተኛው ደግሞ ከዚሁ የሚከተል ነው። ተመልካቹ ራሱ ደረስኩበት ብሎ የሚያምነውን ሐሳብ አስቀድመን የተከልንለት እኛ ከሆንን፣ ለተተከለው ዘር ተጠያቂዎቹም እኛው ነን። የተቀረጸውን ከተፈጠረው፣ የሆነውን ከተቀናበረው ለይቶ መንገር የጥበቡን ኃይል አይቀንሰውም። አይዘንስታይን በሬው በገጠር እንዳልሠራለት በግልጽ ሲጽፍ ከሁሉ የላቀ መምህር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የኦዴሳው ደረጃ ዛሬም አለ፤ ሕዝብ ወደ ወደቡ ይወርድበታል፤ ወደ ከተማይቱም ይወጣበታል። በድንጋዩ ላይ ያልፈሰሰውን ደም የሚያስታውስ መንገደኛ አልተሳሳተም፤ በሌላ ቦታ የፈሰሰው ደም ግን ዛሬም ባለ ትዝታ ይፈልጋል።